አልፈታ ያለው ፊልትሮ

አይንቀሳቀስም አልኩሽ እኮ፣ ጭራሽ፣ መዳፌ ይዞራል እንጂ እሱ አይዞርም፣ ዘይት የነካው እጅ ምን ይይዛል፣ ጥረጊ፣ እንደገና ያዢ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ነው አይደል የሚፈታው፣ አዎ፣ ወይኔ ጣቴን። አንድ የዘይት ፊልትሮ፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ የሚያክል ቆርቆሮ፣ ጠዋቴን በላው። ደግሞ ከራሴ ጋር ስጣላ አባዬ እያየኝ ነው። አትዙሪ። በረንዳው ላይ፣ ዱካው ላይ፣ ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ ደብቆ ተቀምጧል፣ ስትሮኩ ከመታው በኋላ ሐኪሙ የቀኝ እጅ የእንቅስቃሴ ውስንነት ይታያል፣ በሂደት መሻሻል ሊኖር ይችላል ነው ያለው፣ ጥሩ አማርኛ፣ እማዬ ምን ማለት ነው አለችኝ፣ እኔ እንጃ አልኳት፣ አባዬ ግን ገባው፣ ከሆስፒታል በወጣ ማግስት ስልኩን በግራ እጁ ይዞ፣ ሸምሱ፣ ሞተሯን ና ውሰዳት፣ በየትኛው እጄ ልነዳት። በቃ። ማንንም አልጠየቀም። እኔንም አልጠየቀኝም።

ሸምሱ ፉሪ ነው የሚኖረው፣ አሮጌ ሞተር ገዝቶ አድሶ ይሸጣል፣ ደህና ሰው ነው፣ ልጠላው ሞክሬ አቅቶኛል፣ ዙሁር ሰግጄ እመጣለሁ ብሏል፣ ዘይትና ፊልትሮ ብቻ ቀይሩልኝ፣ በንጹሕ ዘይት ድምጿን ልስማው። እና ይኸው፣ እንድትሄድ የማልፈልጋትን ሞተር ለመሄድ እያዘጋጀኋት ነው፣ ጤነኛ ነሽ ግን አንቺ? ንገሪው። አባዬ፣ አትሽጣት፣ እኔ እነዳታለሁ። ይኼው ነው እኮ። መንጃ ፈቃዴ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ተደብቄ ነው ያወጣሁት፣ ሥራውንም ቢሆን አውቀዋለሁ፣ በእሷ እየዞርን ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ስንት ቤት መብራት ዘርግተናል፣ እሱ መሰላል ላይ እኔ መሰላል ስር፣ ዝማሬ ፒንሳ አምጪ፣ ዝማሬ ቆጣሪውን አጥፊ፣ የየቤቱ ሰዎች አሁንም ድረስ ይደውላሉ፣ ሶኬቴ ጨሰ፣ ምጣዴ አልሠራ አለ፣ አባትሽ ተሻለው ወይ። ንገሪው እንጂ ታዲያ! ብነግረውስ፣ እጅህ አለቀለት ያልኩት ይመስለዋል፣ አንተ ተነስ እኔ ልቀመጥ ያልኩት ይመስለዋል። ዝም ብል ደግሞ ሸምሱ ይመጣል።

ማን ነው እንዲህ ያጠበቀው? እሱ ነዋ፣ ሌላ ማን። የእኛ ሰው እንደዚህ ነው፣ ቧንቧ ሲዘጋ፣ የጋዝ ሲሊንደር ሲገጥም፣ የማር ዕቃ ሲከድን፣ ጠበቀ፣ አለቀ፣ አይ፣ ጥርሱን ነክሶ አንዴ ለማንኛውም ብሎ ይጨምርበታል፣ ከዚያ አንድ ሰው አይከፍተውም። ፊልትሮ በእጅ ነው የሚጠብቀው፣ ካርቶኑ ላይ ሥዕሉ አለ፣ እጅ ብቻ፣ አባዬም ያውቃል፣ ሰው ሲያጠብቅ ያየ እንደሆን ይቆጣል፣ የራሱ ላይ ሲደርስ ግን የፊልትሮ ቁልፉን አምጪማ፣ አሁን የጠፋውን ቁልፍ፣ እህህ፣ ለማንኛውም። ክረምት ሊገባ ሲል ነው፣ እዚሁ ግቢ፣ የክንዱ ጅማት ተወጥሮ፣ እየሳቀ፣ እስቲ ወንድ የሆነ ይፍታው እያለ።

ቆይ። ከዚያ ወዲህ ምንም አላጠበቀም እኮ። ያ እጅ በሙሉ ጉልበቱ የሠራው የመጨረሻ ሥራ ይኼ ነው፣ እኔ ደግሞ ላፈርሰው እታገላለሁ። ኧረ አቦ ተይ፣ ዝም ብለሽ ፍቺ፣ አልቅሺ ያለሽ የለም።

ዝማሬ፣ ተይው በቃ፣ ሰውየው ራሱ ወስዶ ያስፈታው፣ እማዬ ናት፣ ከጓዳ፣ እሺ እላታለሁ፣ አልተወውም። ካቻቢቴ አለ። ጋራዥ ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ ጎኑን በመዶሻ በስተሽ ካቻቢቴውን ታሳልፊና እንደ እጀታ ይዘሽ ታዞሪዋለሽ፣ ከዞረ ዞረ፣ ቆርቆሮው ከተቀደደ ግን ጉድ ፈላ፣ ግማሹ እጅሽ ላይ ግማሹ እዚያው፣ ሞተሯ ከዚህ ግቢ አትወጣም። አትወጣም። ሸምሱ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ትቆየኝ ይላል፣ ይሄዳል። ካቻቢቴውን አነሳዋለሁ። መዶሻውን አነሳለሁ። ሳተኝ ማለት ነው፣ ማን ያውቅብኛል፣ ማንም፣ አባዬ ያውቃል፣ ሌባ፣ የገዛ አባትሽን ሞተር፣ አስቀምጪው። አስቀመጥኩት።

ቀዝቃዛ ሆና ነው።

ማን ነው? አባዬ ነው፣ ዛሬ አፉን ሲከፍት ገና መጀመሪያው ነው፣ ጋቢውን ትቶ ተነስቷል፣ ግድግዳውን በግራ እጁ እየዳበሰ ይመጣል፣ እንዳትደግፊው፣ ያበሳጨዋል፣ ዘይቱን አላፈሰስሽም አይደል ይላል፣ እስቲ አስነሺና ትሙቅ። አስነሳኋት። ያ ድምጿ! ጎረቤት ሁሉ ጋሽ መኩሪያ ወጡ የሚልበት ድምጽ፣ ስትሞቅ አጠፋኋት፣ ዘይቱን ባልዲው ላይ ለቀቅኩት፣ ሲወርድ ጥቁር ነው። አባዬ ቀበቶውን ይፈታል፣ በአንድ እጅ፣ ዘለበቱ እንቢ ይለዋል፣ ጣቶቼ ሊረዱት ይዘላሉ፣ ቁጭ በሉ። ሻካራውን ወደ ውስጥ አድርገሽ ፊልትሮው ላይ ጠምጥሚ፣ የመዶሻውን እጀታ እዚህ ጋ አስገቢ፣ ጫፉን እኔ እይዝልሻለሁ፣ በይ ሳቢ። ሳብኩ። ቀበቶው ተንሸራተተ፣ እንደገና፣ ትከሻው ትከሻዬን ነካ፣ ሁለታችንም አንድ ዓይነት እናቃስታለን፣ እህህ፣ ሳቢ እንጂ፣ እየሳብኩ ነው እኮ፣ ጠጠጥ፣ ምንድን ነው፣ ጠጠጥ፣ ዞረ! ዞረ አባዬ! ትኩስ ዘይት ነጠላ ጫማዬ ላይ፣ ይፍሰስ፣ ይፍሰስ ምን አባቱ።

ደስ ያለኝ ለትንሽ ጊዜ ነው። አሁን እኮ ሸምሱን የሚያስቀር ነገር የለም።

አዲሱን ስጪኝ ይላል። ላስቲኩን በግራ ጣቱ ዘይት ይቀባዋል፣ ዙሪያውን፣ ሳይቸኩል፣ የፊልትሮውን አፍ ከሞተሯ ጥርስ ጋር ያገናኛል፣ አንዴ ሳተ፣ ሁለተኛ ሳተ፣ ዝም በይ ዝማሬ፣ ሦስተኛው ያዘ። ያዞራል፣ ግንባሩን አልቦታል፣ ያዞራል፣ በቃ አለ። በቃ፣ ጠብቋል። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከታመመ ወዲህ እንዲህ አይቶኝ አያውቅም፣ ልጅ መሰለ። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ በሁለት ጣት ነካ ባደርገው፣ ይላወሳል። ወይ አምላኬ። አልጠበቀም። ይኼ እኮ ሰፈራችንን፣ መካኒሳን፣ ሳይለቅ ዘይቱን ይተፋል። ልንገረው? አሁን? ይኼን ፊት?

ዘይት ነክቶታል፣ ልጥረገው አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ድምጼ የሌላ ሰው ይመስላል። እራፊ ጨርቁን ፊልትሮው ላይ ጣል አድርጌ፣ ከጨርቁ ስር ጣቶቼን ጠምጥሜ፣ ቀስ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደምጠርግ፣ አባዬ ፊቱን ወደ ግቢው በር አዙሯል፣ የሸምሱን መምጣት የሚያይ መስሎ፣ ጎሽ፣ አትየኝ፣ ትንሽ ደግሞ።

ጠረግሽ?

ጠረግኩ አባዬ።

የለም፣ ገና ነው አለ፣ ሳይዞር፣ ሩብ ዙር ጨምረሽ ጥረጊው፣ መንጃ ፈቃድሽን አይቼዋለሁ፣ ለሸምሱ ቀረ እለዋለሁ፣ ነገ የምትነጂያት አንቺ አይደለሽ እንዴ።