የአባቴ ኮንቴይነሮች እና የሰፈሩ በረዶ

በሰፈራችን የሚያልፈው የውሃ ቦይ ከስንት ክረምት በኋላ ሰው የሚሸከም በረዶ በያዘበት ቀን፣ አባቴ የቤታችንን ሰርቨር ሊያጸዳ ተነሣ።

ሰርቨሩ ከደረጃው ሥር፣ የመብራት ቆጣሪው ባለበት ቁም ሣጥን ውስጥ ሲያንጎራጉር የሚውል አሮጌ ኮምፒውተር ነው። የሰፈራችን የበረዶ ሸርተቴ ማኅበር ድረ ገጽ የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ሰው ለውድድር የሚመዘገበው በዚሁ ገጽ ሲሆን፣ ውድድሩ ነገ ቅዳሜ ቦዩ ላይ ነው። እሑድ ዝናብ ይጥላል ስለተባለ ከዚያ ማሳለፍ አይቻልም። ገጹ ዛሬ ካልተከፈተ ሰዉ ሁሉ ማዶ መንደር ሄዶ ይመዘገባል፤ የእኛ በረዶ ማንም ሳይረግጠው ይቀልጣል።

አባቴ ፎፔ ይህን ሁሉ ያውቃል። ግን በማሽኑ ውስጥ ሁሉም ነገር ተደባልቆ መኖሩ እንቅልፍ ነሥቶት ከርሟል። ስለዚህ ድረ ገጹን፣ የተመዝጋቢዎቹን መረጃና ማስታወቂያ የሚያግደውን ፕሮግራም በየራሳቸው ኮንቴይነር፣ ማለትም ለየብቻ በተከለለ የማሽኑ ክፍል፣ አስገባቸው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላውን እንዳይነካ። እስከዚህ ድረስ ክፋት አልነበረውም። ዛሬ ጠዋት ግን አዲስ እትም ወጥቷል ብሎ ሦስቱንም አቆመ፤ የድሮዎቹን ሰረዘ፤ ከዚያ አዲሶቹን ከኢንተርኔት እንዲያወርድ ማሽኑን አዘዘው።

ማሽኑ የማወርድበትን ድረ ገጽ አድራሻ ማግኘት አልቻልኩም አለ።

«አባዬ» አልኩት ከኋላው ቆሜ፣ «እቤታችን የድረ ገጽ ስም ስንጽፍ አድራሻውን የሚፈልግልን ማነው?»

«ማስታወቂያ አጋጁ ነዋ። ሁሉም በሱ በኩል ስለሚያልፍ አይደል ቆሻሻውን የሚያስቀርልን?»

«እሱስ አሁን የት ነው?»

መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጠረገው።

አጋጁም ተሰርዟል። እሱን ለማውረድ አድራሻ ያስፈልጋል፤ አድራሻ የሚሰጠው ደግሞ እሱ ነው። አባቴ የሣጥኑን ቁልፍ እሣጥኑ ውስጥ ቆልፎበታል።

«ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለው ራውተር ለጊዜው አድራሻውን ከኢንተርኔት ድርጅቱ እንዲጠይቅ እናድርገው» አልኩ። «ወርዶ ሲያልቅ ትመልሰዋለህ።»

«በኔ ቤት? ምን እንዳነበብን፣ ምን እንዳማረን አንድ በአንድ እንዲያዩልን? አላደርገውም። ሌላ መንገድ አለ።»

ሌላው መንገድ ኮንቴይነሮቹ እርስ በርስ የሚገናኙበትን የውስጥ ኔትወርክ አፍርሶ እንደገና መሥራት ነበር። ሠራው፤ ምንም አልተለወጠም። ቀጥሎ ለኔትወርኩ አዲስ ስም ያስብለት ጀመር። ምን ያህል እንዳሰበበት ባልናገር ይሻላል። ያመጣሁለት የአተር ሾርባ እጄ ላይ በረደ።

በሩ ተንኳኳ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሬንስከ ናት፤ የበረዶ መብሻዋን እንደ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ ጥላዋለች።

«ፎፔ፣ አሁን በስቼ አየሁት፤ ፈረስ ይሸከማል። ገጹስ?»

«እየመጣ ነው።»

«ጠዋትም እየመጣ ነበር። በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«ሬንስከ፣ ይሄ የሙያ ነገር ነው።»

«ትናንት ይሠራ አልነበር? ደህናውን ማሽን ምን ያነካካሃል? ማዶዎቹ ከከፈቱ ቆዩ። የገዛ እህቴ ልጅ እዚያ ተመዘገበ፣ ከሃዲ።» ድምፅዋን ቀነሰች። «አትቀየመኝ፤ ዛሬ ካልሆነ ግን ገጹን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

የአባቴ ጆሮ ቀላ። ገጹን እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ጀምሮ የያዘው እሱ ነው። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ አፉን የሚከፍተውም ስለዚሁ ሲነሣ ብቻ ነው።

«ፈረስ ይሸከማል የምትይውን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብሎ ካፖርቱን ደረበና ተከትሏት ወጣ። ከማሽኑ መሸሹ እንደሆነ ሦስታችንም ገብቶናል።

እኔ መከራከር አይሆንልኝም። በሩ እስኪዘጋ ጠብቄ ላፕቶፔን ከፈትኩና ራውተሩ አድራሻ ከኢንተርኔት ድርጅቱ እንዲጠይቅ ቅንብሩን ቀየርኩ። ከዚያ ቁም ሣጥኑ አጠገብ ተንበርክኬ የአባቴን ትእዛዝ ምንም ሳልነካካው ደገምኩት። ሁሉም ወረደ።

አፍንጫው ቀልቶ ሲመለስ ገጹ ተከፍቷል፤ ስሞችም መግባት ጀምረዋል። ጎንበስ ብሎ አያቸው።

«አየሽ?» አለኝ። «ስሙ ነበር ችግሩ። አዲሱን ስም እስኪለምደው ነው የዘገየው።»

«ይሆናል» አልኩ ሾርባውን እያሞቅኩ።

እራት ላይ ስልኩን አውጥቶ እንደ ልማዱ ጋዜጣውን ከፈተ። ከርዕሱ ሥር፣ ስንት ዓመት እቤታችን ያልታየ ነገር ቦግ አለ፤ በቅናሽ የሚሸጥ የሸርተቴ ጫማ ማስታወቂያ። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ይልዱ» ሲል ጠራኝ።

«አቤት አባዬ።»

«ይሄ ምንድነው?»

«ጫማ ነው።»

እኔን አየኝ። ቀጥሎ የተመዝጋቢዎቹን ገጽ ገልጦ አየ፤ የሬንስከ የእህት ልጅም ገብቶበታል።

«ራውተሩን እሑድ ዝናቡ ሲጀምር ወደ ቀድሞው ትመልሺዋለሽ» አለ በመጨረሻ። «ሬንስከ ደግሞ እንዳትሰማ።»

«እሺ።»

ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፣ የጫማውን ዋጋ ለማየት ማስታወቂያውን ተጫነው።