ያልገባው ቀለበት

መልከጸዴቅ አዲስ አበባ ሳለ ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ብስክሌት ሲጠግን ኖሯል። ዲቪ ደርሶት ሲያትል ከገባ በኋላ በሥራ ቀን መጋዘን ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሬኒየር ቫሊ ባለው የቤቱ ጋራዥ የሰፈሩን ሰው ሞተር ይጠግናል። «መልኬ የነካው ነገር አይበላሽም» ይሉታል። እሱም ሲሰማ ዝም ይላል እንጂ አያስተባብልም።

በሚያዝያ ወር የውብዳር አንዲት ሰማያዊ ስኩተር ይዛ መጣች። የውብዳር ከእሱ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም፣ ሾርላይን ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች የምትንከባከብ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇን ኖላዊትን ብቻዋን ታሳድጋለች።

«ጋሼ መልኬ፣ ይቺ በሰዓት አርባ ሁለት ማይል ትሄዳለች። በመኪና መንጃ ፈቃዴ ልነዳት የምችለው ከሠላሳ ካላለፈች ነው አሉኝ። ካለፈች የሞተር ፈቃድ ይጠየቃል፤ እኔ ደግሞ መቼ ጊዜ አግኝቼ ልማር? ፍጥነቷን የሚገታ ቀለበት ነበራት፤ የሸጠልኝ ልጅ አውጥቶት ኖሯል። ይኸው።» ከፖስታ ውስጥ ትንሽ የብረት ቀለበት አውጥታ አሳየችውና ከነፖስታው ሰጠችው።

«ይቺማ የአንድ ሰዓት ሥራ ናት» አላት።

ክዳኗን ሲከፍት ግን ግራ ገባው። እሱ የለመደው ማርሽ ያላቸውን ሞተሮች ነው፤ ይቺ በቺንጋ የምትሄድ ናት። ቺንጋውን የያዘው ዳዶ አልፈታ አለው። ቢፈታስ ቀለበቱ በየት በኩል እንደሚገባ አያውቅም። ከቤቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ስኩተር ብቻ የሚጠግን ሱቅ ነበር። ሄዶ «አላውቅም፣ አሳዩኝ» ማለት ግን ሞት መሰለው። ክዳኗን መልሶ ገጠመና፣ እጀታዋ እስከ መጨረሻ እንዳይጠመዘዝ የነዳጁን ገመድ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፈረው። ሞከራት፤ ሃያ ዘጠኝ ሄደች።

«ቀለበቱ ገባ?» አለችው ልትወስዳት ስትመጣ።

«ገብቷል።»

ሐምሌ ላይ የውብዳር ሥራ ረፍዶባት በቁልቁለት ስትበር ፖሊስ አስቆማት። አርባ አንድ ማይል። «ኖ፣ ኖ፣ ከሠላሳ እንዳታልፍ ተደርጋለች እኮ!» ብላ ብትከራከር የሚሰማት አላገኘችም፤ ያለ ሞተር ፈቃድ ነድታለች ተብላ ተከሰሰች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሻይ ይዞ ሲጫወት፣ ወደ መልከጸዴቅ ቀርባ ነገሩን በትሕትና ነገረችው። ማሰሪያው እንደተበጠሰ ወዲያው ገባው። ግን አምስት ስድስት ሰው ፊቱን እያየ ነበር።

«እኔ የገጠምኩት አይወልቅም» አለ። «ሰው ነክቷት ይሆናል።»

«ማን ይነካታል?»

«እንጃ። ወጣት ያለበት ቤት…» ብሎ ተወው።

ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ረቡዕ ደወለችለት። «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው መሰለኝ። ኖላዊትን አፋጠጥኳት። አልነካሁም ብላ አለቀሰች። ውሸቷ አናደደኝና ስልኳን ቀማኋት፤ ልትሄድበት ከነበረው የትምህርት ዕረፍት ካምፕም ሰረዝኳት። ካምፑ ዛሬ ጀምሯል። እስካሁን አታናግረኝም። ለማንኛውም እርስዎን ሰው ፊት ስለጠየቅኩ ይቅርታ።»

መልከጸዴቅ «ችግር የለም» አለ። ስልኩን ሲዘጋ ጆሮው ግሎ ነበር። ይቅርታ ተጠየቀ! ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ሚስቱ ምን ሆንክ ብትለው ፊቷን ማየት አቃተው።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቶ ሾርላይን እቤቷ ሄደ። በሩን የከፈተችለት የውብዳር ናት። ሳይቀመጥ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ቀለበቱ አልገባም። ይኸው።»

«ገብቷል ብለውኝ ነበር እኮ።»

«አልቻልኩበትም። አልቻልኩም ማለት አፈርኩ።»

የውብዳር ፖስታውን አልነካችም። «እኔ እኮ ልጄን…» አለችና አልጨረሰችውም። ወደ ውስጥ ተጣራች፦ «ኖላዊት! ነይማ።» ከዚያ ወደ እሱ ዞራ «ራስዎ ይንገሯት። እኔ አልነግርልዎትም» አለችው።

መልከጸዴቅ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ልጅን ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም። በአማርኛ ጀመረ፤ እንዳይሸፋፈንለት ብሎ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ደገመው። ልጅቷ እስኪጨርስ ጠበቀችና በእንግሊዝኛ ጠየቀችው፦

«እናቴ ስትጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ያ ሁሉ ሰው ባለበት?»

«አዎ።»

የውብዳር ልጇን ልታቅፍ እጇን ዘረጋች። ኖላዊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። መልከጸዴቅ እስከዚያች ደቂቃ ያፈረው ስለራሱ ስም ነበር። አሁን ግን የእናቲቱ እጅ ባዶውን ሲቀር አይቶ የሚገባበት ጠፋው።

በሚቀጥለው እሑድ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ለእነዚያው ሰዎች እውነቱን ተናገረ። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው «ምን ነካህ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይወራል?» አለው። ስኩተሯንም ቫን ላይ ጭኖ ወደዚያ ሱቅ ወሰዳት። ልጁ ልትሆን የምትችል መካኒክ ቀለበቱ በየት እንደሚገባ እያሳየችው በአርባ ደቂቃ ጨረሰች። አጠገቧ ቆሞ ላቡ ይንጠፈጠፍ ነበር።

የውብዳር የተቀጠረችበት ቀን ፍርድ ቤት አብሯት ቀርቦ የሠራውን ለዳኛዋ ተናገረ። ዳኛዋ አሽከርካሪ ለሚነዳው ነገር ራሱ ኃላፊ መሆኑን አስረድተው፣ የውብዳር ለአንድ ዓመት ጥፋት ካልደገመች ክሱ እንዲሰረዝ ወሰኑ። ኖላዊት ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነበር፤ መነጋገር ጀምረዋል።

ውጪ ሲወጡ መልከጸዴቅ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። «ላድርሳችሁ?»

«ስለመጡ እግዜር ይስጥልን» አለች የውብዳር። «ባቡር አለ፣ ጋሼ። በባቡር እንሄዳለን።»

ልጇን ይዛ ወደ ጣቢያው ሄደች። መልከጸዴቅም «እሺ» ብሎ መኪናውን ወዳቆመበት ተመለሰ።