ኮሪን አስቀድማ ያየችው ፊልም

ላይል በዚያ ሳምንት ስምንት የልጆች ፊልም አየ። ጠዋት ተማሪዎቹን አድርሶ አውቶቡሱን ካቆመ በኋላ፣ ከሰዓት ሊመልሳቸው እስኪሄድ ያለችው ጊዜ የሱ ናት። ሌላ ጊዜ ይተኛባት ነበር። አሁን ግን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ ቡናው እየቀዘቀዘበት፣ የሚያወሩ ዱባዎችና መጥረጊያ የሚጋልቡ ድመቶች ሲያይ ይውላል።

ይህ ሥራ የሚስቱ የኮሪን ነበር። በነሱ ቤት በሃሎዊን፣ ልጆች ጠንቋይና አውሬ መስለው በየበሩ ከረሜላ በሚጠይቁበት በጥቅምት በዓል፣ ልጆቻቸው ግሬዲና ዊኒ ከረሜላ ለቅመው ሲመለሱ ጋራዡ ውስጥ አንሶላ ይወጠርና ቤተሰቡ በሙሉ ፊልም ያያል። ኮሪን አስቀድማ ለብቻዋ ሳታየው ለልጆቹ ያሳየችው ፊልም አልነበረም። ሕጓ አንድ ነው፤ ትንሹ ልጅ የሚፈራውን ትልቁም አያይም። ያየችውን ሁሉ በደብተር ትጽፋለች፦ "ደቂቃ አሥራ አንድ፣ ውሻው በድንገት ይጮኻል፣ ድምፁን ቀንስ።" "ደቂቃ ሃያ ስድስት፣ ጠንቋይዋ ጥርሷን ታሳያለች፣ ግሬዲን እቀፈው።" ላይል ከርቀት መቆጣጠሪያው ጋር ይቀመጣል፤ እሷ በጆሮው ደቂቃ ትነግረዋለች።

ኮሪን በሚያዝያ ሞተች።

ላይል የሚፈልገው ታዲያ ጥርስ የሌለበት ፊልም አልነበረም። እናት የማትሞትበትን ነበር። ከስምንቱ በአምስቱ ገና የፊልሙ ስም ሳይወጣ እናትየዋ ሞታለች። በስድስተኛው የሞተችው አያት ናት። በሰባተኛው ሙታን ከመቃብር ወጥተው ይጨፍራሉ። ስምንተኛው ስለ አንድ ዱባ ነው። እሱም ሰው አይሞትበትም እንጂ መጨረሻው ላይ ዱባው ሆዱ ይፈለፈላል።

ይህን ያህል የተጨነቀው በትንሿ ልጁ በዊኒ ምክንያት ነው። ዊኒ ሦስት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። እናቷ ሆስፒታል ሳለች "እማዬ አሟታል" ተብላለች። በሚያዝያ፣ በዚያች ጠዋት፣ ላይል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሊነግራት አፉን ከፈተና የወጣው ቃል "እማዬ ከእንግዲህ አያማትም" የሚል ሆነ። ዊኒ በጣም ደስ አላት። ያላመመው ሰው ከሆስፒታል ይወጣል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ከምትበላው ነገር ሁሉ ለእናቷ ታስቀራለች። ላይል "ሞታለች" የሚለውን ቃል ነገ እላለሁ፣ ከነገ ወዲያ እላለሁ ሲል ስድስት ወር አለፈው።

የኮሪን እናት አርሊን በየእሑዱ ይመጣሉ። አንድ እሑድ ሳህን እያደረቁ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "ልጄ፣ ይቺ ልጅ በር በር ታያለች" አሉት። ላይልም ሰምቻለሁ አላቸው።

ሐሙስ ዕለት የዱባውን ፊልም እንደመረጠ ለትልቁ ልጁ ለግሬዲ ነገረው። ግሬዲ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

"ስለ ዱባ? ቀጥሎ የሾርባ አሠራሩን ታሳየናለህ?"

"ዊኒ አለች እኮ።"

"ዊኒ ሁልጊዜ አለች። ጣረሞት የሌለበት ምን ሃሎዊን ነው፣ አባዬ?" አለና የወጥ ቤቱን መሳቢያ ጎልጉሎ የእናቱን ደብተር አወጣ። ላይል ደብተሩ የት እንዳለ ያውቅ ነበር፤ አልነካውም እንጂ።

የመጨረሻው ገጽ አምና ተጽፏል። "ለሚቀጥለው ዓመት፣ ዊኒ ሦስት ሲሞላት። መንገድ የጠፋት ጣረሞት። የሚጮኽ የለም፣ ጥርስ የለም፣ ሙዚቃው ጥሩ። ደቂቃ አርባ፣ ላይል ያለቅሳል፣ መሐረብ ይዘጋጅለት። ልጆቹ ምንም አይሆኑም። ለሁላችንም ይሆናል።"

ላይል ሳቀ። ከሚያዝያ ወዲህ እንዲህ ስቆ አያውቅም። ፊልሙን ኮሪን ካየችው እሱ ደግሞ ምን ሊያይ ነው? በማግስቱ ኮምፒውተሩን አልከፈተም። አውቶቡሱን አቁሞ ቤት ገባና ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኛ።

የሃሎዊን ቀን ከመንደሩ አጠገብ ካለው ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ ቅጠሉን ሁሉ አጥሩ ሥር ከምሮታል። ዊኒ በልብሷ ጉጉት ሆነች፤ አርሊን ከአሮጌ ካልሲ የሰፉላት ላባ እየረገፈ ይከተላታል። አሥራ አንድ በር አንኳኩ። በእያንዳንዱ በር ሁለት ሁለት ከረሜላ ትጠይቃለች። ለማን እንደሆነ የሚጠይቃት አልጠፋም፤ ላይል ፈጠን ብሎ እያመሰገነ ይጎትታታል። ሲመለሱ አርሊን ቺሊውን፣ የሥጋና የቦሎቄ ወጡን፣ አሙቀው፣ ትኩስ የፖም ጭማቂ ቀድተው ጠበቋቸው። ግሬዲ አንሶላውን ወጠረ። ከጎረቤት ሁለት ጓደኞቹ መጥተው ወለሉ ላይ ተዘረጉ።

ፊልሙ ኮሪን እንዳለችው ነበር። የሚጮኽ የለም። ነጭ ጣረሞቷ ቤቷን ረስታ በየመንደሩ ትዞራለች፣ በየበሩ ታንኳኳለች፣ ሰዎቹ ይስቁባታል። ልጆቹም ሳቁ። ላይል መሐረቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

በአርባኛዋ ደቂቃ ጣረሞቷ አንዲት ትንሽ ቤት ደርሳ አንኳኳች። አንድ ሕፃን በሩን ከፈተ። ጣረሞቷ አንሶላዋን ከፊቷ ገለጠችው፤ እናቱ ነበረች። ሕፃኑ፣ "ስጠብቅሽ ነበር፣ ግቢ" አላት።

ላይል መሐረቡን አላነሳም። ዊኒን ነበር የሚያየው። ከትራሱ ተነሥታ፣ ክንፏን እየጎተተች፣ ወደ ጋራዡ በር ሄደችና እጀታውን በሁለት እጇ ያዘች። በሩ ለሷ ከባድ ነው።

"አባዬ፣ ክፈትልኝ። እማዬ መንገድ ጠፍቷት ነው።"

አርሊን ፊልሙን አቆሙት። የጎረቤት ልጆች ማኘካቸውን ተዉ። ግሬዲ ከወለሉ ሳይነሣ፣ በቀስታ፣ "ንገራት፣ አባዬ" አለ።

ላይል ሄዶ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከ።

"ዊኒዬ፣ እማዬ መንገድ አልጠፋትም። እማዬ ሞታለች። ሰውነቷ መሥራት አቆመ። የሞተ ሰው አይመጣም። ፊልሙ ተረት ነው።"

"አያማትም ብለኸኝ የለ?"

"አያማትም። ግን አትመጣም። ያን ጊዜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።"

"ነገስ?"

"ነገም አትመጣም።"

"ለገናስ?"

"ለገናም፣ የኔ እመቤት።"

ዊኒ እጀታውን ለቀቀች። አላለቀሰችም። የከረሜላ ቦርሳዋን ከፍታ አየችው።

"የሷን ከረሜላ ታዲያ ማን ይበላዋል?"

ግሬዲ፣ "እኔና አንቺ" አላት። ዊኒ አንዱን ለራሷ ወሰደች፣ አንዱን ሰጠችው። ከዚያ ወደ ትራሷ ተመለሰችና ፊልሙ እንዳላለቀ ነገረቻቸው። አርሊን ቀጠሉት። ሳያልቅ የላይል ደረት ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ አፏ ውስጥ የቀረውን ከረሜላ በጣቱ አወጣላት።

አርሊንና ግሬዲ አንሶላውን በሁለት ጫፍ ይዘው አጠፉት። ላይል ኮሪን እንዴት ይህን አላየችም፣ እሷ ስህተት አታውቅም ነበር እያለ ያጉረመርማል።

"አልተሳሳተችም" አለ ግሬዲ። "እሷ ስታየው እኮ እናት ነበረችን።"

ላይል ወጥ ቤት ገብቶ ከኮሪን ጽሑፍ ሥር ጻፈ፦ "ደቂቃ አርባ፣ ላይል አላለቀሰም፣ ጊዜ አላገኘም።" ደብተሩን መሳቢያው ውስጥ ሳይሆን ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጠው።

ጠዋት ዊኒ የጉጉት ጭንብሏን እንዳደረገች አጃዋን ስትበላ ማንኪያዋን አቆመችና፣ "እማዬ ዛሬ ትመጣለች?" አለች።

ላይል የአውቶቡሱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠ፤ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"አትመጣም" አላት። "እማዬ ሞታለች።"

ዊኒ ራሷን ነቀነቀችና ወተት ጨምርልኝ አለችው። በማግስቱም ጠየቀችው፤ በማግስቱም ነገራት።