ሙርሺድ ያሳያት እጢ

ሙርሺድ ጅማ መርካቶ ሠላሳ ዓመት ቡና ሲነግድ አንዲት ዘዴ ነበረችው። የገዢው ሰው ጆንያውን በሾለ ብረት ወግቶ ናሙና የሚያወጣው ከየትኛው ጥግ እንደሆነ ያውቃል። እዚያች ጥግ የተለቀመውን ፍሬ ይሞላና የቀረውን በግርድ ይጠቀጥቀዋል። አንድም ቀን አልተያዘም፤ ይኮራባትም ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ለሳንባ ካንሰር ታከመ። ኬሞው አሠቃይቶ ሊገድለው ነበር፤ ሚስቱ ሰሊማ እንደ ሕፃን እያጎረሰች አተረፈችው። ዘንድሮ ደግሞ ከግራ ትከሻው በላይ፣ አንገቱ ሥር ድንጋይ የመሰለ እጢ ወጣበት። ሐኪሙ ዳሰሰው።

«በሽታው ተመልሶ እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ በመርፌ ናሙና ይወሰድ። ቶሎ ከደረስንበት መድኃኒት አለው» አለና ወረቀቱ ላይ «የአንገት እጢ» ብሎ ብቻ ጻፈ።

መርፌ የምትወጋው ዶክተር ጽዮናዊት በር ላይ ሰው ተሰልፎባታል።

«ያበጠው የቱ ነው አባባ?»

ሙርሺድ ኬሞው ትዝ አለው። ድንጋዩን እንዲሸፍንለት ኮሌታውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ፣ ጥርሱን ባመመው ቁጥር አገጩ ሥር የምታብጠውን ለስላሳዋን አሳያት።

«ሌላስ የለም?»

«የለም ልጄ፣ እሷው ናት።»

ውጤቱ ንጹህ ሆነ። ሐኪሙ ግራ ገብቶት ድንጋዩን በጣቱ እየነካ፣ «የወጋችው ይህንኑ ነው?» ሲለው፣ ሰሊማ እያየችው «ወላሂ» አለ።

ሰሊማ ቤቷ ስትገባ ግንባሯን መሬት ነክታ አላህን አመሰገነች፣ አለቀሰችም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ለሙርሺድ የሚያዝንለት ጠፋ። ወረቀቱ ጤነኛ ብሎታላ! ሲያስል ጫቱን ቀንስ ይሉታል። ሰሊማ ትሠራለት የነበረው ሾርባ ቀረ። ሲከሳ ብስጭት ነው ተባለ፣ ወደ ቡና ሱቁም ተመልሰህ ሥራ ይሉት ጀመር።

በሦስተኛው ወር ትንፋሽ አጥሮት ከፍራሹ መነሣት አቃተው። ያን ጊዜ ፈራ። ያ የሸሸው ኬሞ ራሱ ናፈቀው። የሰሊማን እጅ ይዞ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው።

«ማሎ ሰሊማ፣ ሐኪም ጋ ውሰጂኝ። ያስወጋሁት ይህን አልነበረም። ዋሽቻችኋለሁ።»

ሰሊማ እጇን ሰበሰበች።

«እፊቴ ወላሂ ብለህ የለ? ሥራ ለመሸሽ ብለህ በአላህ ስም አትጫወት።»

ወረቀቱን ከቁምሳጥኑ አውጥታ ትራሱ አጠገብ አኖረችለት።

«ሲከፋህ እሱን አንብብ» አለችውና ሱቁን ልትከፍት ወጣች።