ንጉሥ ወንድ ያላደረጋት

«ሎራንድ አልሞተም። ቱርኮች ዘንድ ነው፤ ፈረሶቻቸውን ያጥባል።»

አጎቴ ቤኬ ይህን ሳይል ከማዕዳችን ተነሥቶ አያውቅም። አፉ በአሳማ ሥጋ ተሞልቶም ይለዋል። አባቴ አፖር ወይን ያስቀዱለታል። በቀኛቸው ዘምቶ ያልተመለሰው የወንድሜ የሎራንድ ወንበር ባዶውን ይቀመጣል፤ እኔ ከታች፣ በሩ አጠገብ።

በእኛ አገር ባላባት ወንድ ልጅ ሳይኖረው ከሞተ መሬቱ ለዘመድ ወንዶች ነው። ለሴት ልጅ ሩብ ይደርሳታል፣ ያውም በከብትና በጨርቅ። መዳኛው አንድ ነው፤ አባት ሄዶ ከለመነ ንጉሡ ልጂቱን በሕግ ወንድ ያደርጋታል፤ መሬቱም ይጸናላታል።

በራባ ወንዝ ዳር ያለውን መሬታችንን የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አባቴን ጉልበታቸው ሲከዳቸው ወፍጮውን ያሳደስኩ፣ ዳማው ፈረሳችን ከጋጣ ጠፋ ሲባል ጫካ ለጫካ የዞርኩ እኔ።

«አባቴ፣ ወደ ንጉሡ ከተማ ወደ ቡዳ እንሂድ፤ ንጉሡን ይለምኑልኝ» አልኳቸው።

«ወንድምሽ በሕይወት እያለ? መጥቶ ምን ይለኛል?»

«ይምጣና ይበለን።»

ቤኬ ጣቱን እየላሰ፣ «ኦርሾያ ጢም ታብቅልና ትሄዳለች» አለ።

«አጎቴ፣ ጢም ባላባት ቢያደርግ ፍየልዎ ይቀድምዎ ነበር።»

አባቴ ሳቁ። ግን አልሄዱም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሞቱ።

አፈራቸው ሳይደርቅ ቤኬ ድንበሩ ላይ ቆመ። እንደ ወጉ ጫማውን አወለቀ፣ ቀበቶውን ፈታ፣ ጓል አፈር ከራሱ በላይ ይዞ መሬቱ የእሱ መሆኑን ማለ።

«ሎራንድስ?» አልኩት ሰው ሁሉ ፊት። «ቱርኮቹ የሚታጠብ ፈረስ አለቀባቸው?»

«ነፍሱን ይማር» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ሩቤን በበሬና በካባ አድርገው ሰጡኝ። ጋሪዬን እየጫንኩ ሳለ አንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው በፈረስ መጣ። ፈረሱን ዐወቅሁት፤ ዳማው ነው።

«ሌባ» አልኩ፣ አለንጋዬን አንሥቼ።

«ባላዥ ነኝ፣ እመቤቴ። ከሎራንድ ጋር የዘመትኩ። በእጄ ነው የቀበርኩት።»

«ለዚያ ለቤኬ ነግረኸዋል፣ አይደል? እያወቀ ነው ሲያሞኘን የኖረው።»

«ቤኬን ዛሬም አላውቀውም። የነገርኩት ለአባትዎ ነው፣ በዘመትንበት ዓመት፣ ወይን ሲለቀም። ‹ለልጄ እንዳትነግራት› አሉና ይህን ፈረስ ሰጡኝ።»