የካዛንቺስ አይጦች በኤሲ ውስጥ

ቡልጋሪያ አካባቢ ካሉት ጋራዦች በአንዱ ተከስተ የሚባል የመኪና ኤሲ ሠራተኛ አለ። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ጥሎ ቢወጣም ወሬ ላይ ማንም አይደርስበትም። አንድ ጊዜ የአንድ ታክሲ ኤሲ ከመጠን በላይ አቀዝቅዞ ረዳቱን ከነመልሱ አደረቀው፣ ሳሪስ ደርሶ ነው በፀሐይ የቀለጠው ብሎ በእናቱ ስም ምሏል። ሚኒባስ ኤሲ ከየት አመጣ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም፤ ሁሉም ሲስቅ ነበራ።

መኪና የሚመረምረውም እንደዚሁ በወሬ ነው። ጆሮውን ዳሽቦርዱ ላይ ይለጥፍና ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዙሪያውን ሰው እስኪሰበሰብ ይጠብቃል፤ ከዚያ የበሽታውን ስም ይናገራል። አብዛኛውን ጊዜ ይሳካለታል። ያጠፋውም ይኸው ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሽ ገብረክርስቶስ አሮጌ ኮሮላቸውን ይዘው መጡ። ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። አርባ ዓመት የኖሩበት የካዛንቺስ ቤታቸው ለመንገድ ፈርሶ፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘሪቱ ጋር መስቀል ፍላወር ፎቅ ላይ የሚኖር ልጃቸው ጋ ከተጠጉ ገና ስድስት ወራቸው ነው።

«ኤሲው ሲከፈት ክርክር፣ ክርክር ይልና ከዚያ ሲጥ ይላል» አሉ። «ያንተን ስም ነግረው ላኩኝ፣ ልጄ።»

ተከስተ ጆሮውን ለጠፈ። ላሜራ ቀጥቃጩ ሙሐሲን መዶሻውን አስቀመጠ፤ ጎሚስታው ደጉም ጎማውን ትቶ መጣ። ተመልካች ሲሞላ ወሬው ራሱ ከተፍ አለ።

«አይጥ ናት» አለ። «ያውም አራስ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰው ብቻ ነው እንዴ የተነሣው? አይጡም ተነሺ ነው! ይቺ ምትክ ቦታ ስታጣ የእርስዎ ኤሲ ውስጥ ገብታ ሰባት ወልዳለች። ክርክር የሚለው ጎጆዋን ስትጠግን ነው። ሲጥ የሚሉት ልጆቹ ናቸው፤ ንፋሱ ሲመጣባቸው ይበርዳቸዋል፣ በቃ።»

ደጉ ሆዱን ይዞ ዞረ። ጋሽ ግን አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። «ስቀልድ ነው ጋሼ፣ ይክፈቱልኝና ልየው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ግን የሙሐሲን ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየና ጣፈጠው።

«መኪናዋን ቤት ካደረሷት በኋላ ለአንድ ሳምንት እንዳያስነሷት። ዓይናቸውን ሲገልጡ ራሳቸው ለቅቀው ይወጣሉ።»

ጋሽ አመስግነው፣ መንገዱ አይጦቹን እንዳያንገጫግጫቸው ቀስ ብለው ነድተው ሄዱ። ጋራዡ እስከ ምሳ ሰዓት ሳቀ። ተከስተ «ነገ ሲደውሉ እነግራቸዋለሁ» አለ። አልደወሉም። እሱም አልደወለም።

ሐሙስ ዕለት ኡራኤል፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ አያቸው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጋሽ በአንድ እጃቸው የታመመ ጉልበታቸውን ደግፈው፣ በሌላው የመድኃኒት ፌስታል አንጠልጥለው ቆመዋል፤ ከፊታቸው ሃያ ሰው አለ። ተከስተ ሮጦ እውነቱን ተናገረ? ምን በወጣው! የአንድ ሎተሪ አዟሪ ጃንጥላ ሥር ገብቶ፣ ዕጣ የሚመርጥ መስሎ፣ እሳቸው ተሳፍረው እስኪሄዱ ቁጥር ሲያገላብጥ ቆየ።

ሰኞ ኮሮላዋ ተመለሰች። በዚህኛው ጉዞ እትዬ ዘሪቱም አሉ፤ አራሷን ብቻዋን አልሰዳትም ብለው ነው።

«ቀስ አድርገህ ክፈተው፣ ልጄ» አሉ ገና ሳይወርዱ። «ማታ ማታ ብርድ እንዳያገኛቸው ጋቢዬን አለብሳቸው ነበር። ጠዋት እየወረድኩ እንደምን አደራችሁ እላቸዋለሁ። ዘበኛው አበደች ሳይለኝ አይቀርም። ምን ላድርግ፣ ፎቁ ላይ ማንንም አላውቅ። ከሰፈሬ አጠገቤ የቀሩት እነሱ ናቸው።»

ሙሐሲን ከላሜራው ኋላ ሳቁ አመለጠው። ደጉ «አዋላጁ! ና፣ አራሷ መጣች!» ብሎ ተጣራ።

ተከስተ አፍ ውስጥ ሌላ ወሬ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ልጆቹ አድገው፣ ትናንት በሰልፍ ወጥተው፣ እናትየዋ ከፊት ከፊት እየመራች ሄደዋል የሚል። አንድ አረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። እትዬ ዘሪቱም ደስ ብሏቸው ይገቡ ነበር። ግን ጋሽ ከመኪናው ሲወርዱ ያን ጉልበት በሁለት እጃቸው አንሥተው ሲያወጡት አየ።

«አይጥ የለም» አለ። ድምፁ ቀስ እያለ እንደሚተነፍስ ጎማ ሆነ። «ማለቴ... ፈጥሬው ነው። ሲስቁልኝ ጊዜ... በቃ፣ ውሸቴን ነው እትዬ።»

እትዬ ዘሪቱ ሙሐሲንን አዩ፤ ደጉን አዩ።

«እነዚህ ሁሉ ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«እኛ ብቻ ነና ያላወቅነው።»

ሙሐሲን መዶሻውን የት እንዳስቀመጠ ጠፋው። ደጉ ያልተበሳ ጎማ አንሥቶ ቀዳዳ ይፈልግ ጀመር።

ጋሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እንኳ ግማሹን ነበር ያመንኩት። ሙሉውን ያመነችው እሷ ናት፤ ደስ ሲላት አይቼ ዝም አልኩ። ታዲያ ድምፁ የምንድን ነው?»

ከሁሉም የከበደው ይሄኛው ጥያቄ ነበር።

«አላውቅም ጋሼ። አላየሁትማ።»

«እንግዲያው እየዋ።»

አየ። ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን ብቻ አዙሮ የማራገቢያውን ፍጥነት ቁጥር አንድ ላይ አደረገው፤ ክርክር አለ። ሁለት ላይ ፈጠነ። ሦስት ላይ ሲጥታው መጣ። ሞተሩ ሳይዞር ከጮኸ፣ በሞተሩ ኃይል የሚሠራው ኮምፕሬሰር ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው ማራገቢያው ነው። የአንድ ደቂቃ ምርመራ! ሽማግሌ ሰባት ቀን ያለ መኪና ያስቀረው የአንድ ደቂቃ ሥራ። በተሳፋሪው በኩል ያለውን የዳሽቦርድ ኪስ ነቅሎ፣ ማራገቢያውን በካቻቢቴ ፈትቶ ገለበጠው። እፍኝ የሚሞላ የደረቀ ቅጠል ረገፈ።

እትዬ ዘሪቱ አንዱን አነሡና ወደ ብርሃን አደረጉት።

«የግቢያችን ኮክ ቅጠል ነው» አሉ። «መኪናዋ ከሥሩ ነበር የምትቆመው።»

ተከስተ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም። የደረቀውን ዘንግ ጠርጎ ዘይት ቀባ፤ መልሶ አሰረ። ንፋሱ ያለ ድምፅ መጣ።

«ግባ፣ በመንገድ እንሞክረው» አሉ ጋሽ።

ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። በካዛንቺስ በኩል ወጡ። አዲሱ ሰፊ አስፋልት ላይ እትዬ ዘሪቱ በጣታቸው መስኮቱን እየነኩ፣ «እዚህ ጋ በራችን ነበር... እዚህ ኩሽናው... ኮኩ እዚህ» አሉ፤ ኩሽናው ላይ በሰዓት ሃምሳ ኪሎ ሜትር እየነዱ አለፉ። መኪናው ውስጥ ምንም ነገር አይሰማም። ክርክሩ እንኳ ቢኖር ተከስተ ይሸሸግበት ነበር።

«አንተ ወሬ ትችላለህ ይሉሃል» አሉ እትዬ ዘሪቱ ሳይዞሩ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር። «እስቲ አንድ ነገር አውራን። ዝም አልን እኮ።»

ተከስተ አፉን ከፈተ። ፊቱ ላይ ቀዝቃዛው ንፋስ እየመጣ ጆሮው ግን ይነድዳል።

«ምንም የለኝም፣ እትዬ» አለ።

ጋሽ በመስተዋቱ አዩትና ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።