በአባቷ እርሳስ

አናጢው ሰሞኑን አንድ ጣውላ እንኳ ቀጥ አድርጎ አልቆረጠም። መጋዙ መስመር ይስታል፤ መዶሻው ሚስማሩን ትቶ ጣቱን ይፈልጋል። ደንበኛ ሲያጉረመርም «የልጅቷ የፈተና ውጤት እስኪመጣ ነው» ይላል፤ ሰውም «አይዞህ፣ ልጅህ ጎበዝ ናት» ብሎት ያልፋል። ጉብዝናዋን ማን ካደ? እሱን እህል ያስጠላው ሌላ ነው።

የሚስቱ ወንድም አስተማሪ ነው። የተማረ ሰው ሲሰጥ እጁን ከፍ አድርጎ ነው፣ ተቀባዩ እንዲንጠራራ። ይህም ሰው በፈተናው ዋዜማ ለእህቱ ልጅ አዳዲስ እርሳሶች ይዞ መጣና፣ «እናንተ ቤት ከሚስማር ሌላ ሹል ነገር አይገኝም ብዬ ነው» አለ። እናትና ልጅ ሳቁ። አናጢውም ሳቀ። ድሮ አናጢው የአስተማሪውን እህት ለትዳር የጠየቀ ጊዜ «ፊርማው በብዕር ነው በአውራ ጣት?» ያለው ይኸው ሰው ነው፤ ያኔም ስቋል። እንዲህ ያለው ሳቅ ግን ወደ ውጭ አይወጣም፤ ሆድ ገብቶ ይቀመጣል።

በማግስቱ ማለዳ አናጢው ልጁን በር ላይ አስቆማት። ከጆሮው ጀርባ የማይለየውን ጠፍጣፋ እርሳስ በመሮ ቀርጾ ሰጣት።

«ይህን ቤት ያቆመው ይሄ ነው። በሰው እርሳስ አለፈች እንዳይሉሽ።»

ልጅቷ ፊቱን አየችና ተቀበለችው። ስትመለስም «በእሱ ነው የሠራሁት፣ አባዬ። አንዴ እንኳ አልተሰበረም» አለችው። ያን ቀን አናጢው ቁመቱ የጨመረ መሰለው።

ኩራቱ ሳይበርድለት አስተማሪው ምሳ ሊበላ መጣ። እየጎረሰ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ዘንድሮ የሚያርመው ማሽን ነው» አለ። «በደንብ የጠቆረውን ብቻ ነው የሚያየው። እርሳሱ ጠጣር ከሆነ ለማሽኑ ባዶ ወረቀት ማለት ነው። ለዚህ ነው ለስላሳውን የመረጥኩላት።»

አናጢው የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰ። «አንዱ ልጅ በጠጣር ቢሠራስ፣ ጋሼ?»

«የየትኛው ቂል ልጅ?» አለ አስተማሪው። «ከሠራም ይመንና ያመልክት፤ ወረቀቱን አውጥተው በሰው ዓይን ያርሙለታል። ምነው ጠየቅክ፣ ኢንጂነር?»

«እንዲያው ነው።»

ከዚያ ወዲህ እርሳሱን ወረቀት ላይ ይሞክረዋል። ክብ ይሠራል፣ ውስጡን ያጠቁራል፣ ወደ መስኮቱ ያዘነብለዋል። አጥብቆ ሲጫን ወረቀቱ ይጎደጉዳል እንጂ አይጠቁርም። አመድ ይመስላል። ያንን ቀድዶ ከፍቅፋቂው ጋር ይጠርገዋል፤ ደግሞ ሌላ ይጀምራል። ለሚስቱ ሊነግራት ተነሥቶ ያውቃል፤ ኩሽና በር ላይ ሲደርስ ግን ወንድሟ ሲስቅ ይሰማዋል፣ በሌለበት። ውኃ ጠጥቶ ይመለሳል።

«አባዬ፣ የተፈተንኩት እኔ፣ የምትከሳው አንተ» ትለዋለች ልጁ። ሳቋን መስማት አልቻለም።

ውጤቱ በተለቀቀ ቀን አስተማሪው ቀድሞ ደረሰ። ሊቀመጥ ሲል ወንበሩን ነቅነቅ አድርጎ ሞከረው፤ የአናጢው ሥራ መሆኑን እያወቀ። ከጎረቤት ቤት የደስታ ጩኸት ተሰማ። እናትየዋ «የእኛም ይቀጥላል» አለች። ልጅቷ ቁጥሯን ስልኩ ላይ አስገባች፣ ጠበቀች፣ እንደገና አስገባች።

«ያልተፈተነች ይላል።»

«ምን ማለት ነው?» አለች እናትየዋ። «አልነበርሽም ወይ?»

አስተማሪው አልሳቀም። አናጢው ይህን አልጠበቀም፤ ቢስቅ ይሻለው ነበር።

«በምንድን ነው ያጠቆርሽው?»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞር አላለችም። «እርስዎ ባመጡልኝ።»

«በሌላ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ። ጥፋቱን አምነን ዛሬውኑ ካላመለከትን ወረቀቱን ሰው አያየውም።»

«በእርስዎው ነው፣ አጎቴ።»

«እንግዲያው ስህተቱ የእነሱ ነው» አለና ተነሣ። «ሄጄ በስሜ እከራከራለሁ። እርሳሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ እላለሁ።»

እውነቱ አናጢው ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ከተናገርኩ ልጄ በአጎቷ ፊት ውሸታም ትሆናለች ብሎ አሰበ፤ እንዲህ ሲያስብም ለእሷ ያሰበ መሰለው።

«የምትለው አለ እንዴ?» አለ አስተማሪው፣ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አይቶ።

«የለም ጋሼ። ሳይዘጉ ይድረሱባቸው።»

ቀድሞት ሄዶ በሩን ከፈተለት፤ እስኪወጣም ይዞት ቆመ። እናትየዋ ወንድሟን በዓይኗ ሸኘች። ልጅቷ የምታየው አባቷን ነበር።